«አይሆንም» ላላችሁኝ ሰዎች ምስጋና

ይድረስ ለልደታና ለአፍንጮ በር ሰዎች፣ እንዲሁም እሑድ ጠዋት መንገድ ላይ ላገኘናችሁ ሁሉ።

የአባቴ አሮጌ ፒካፕ በተሳቢ ተጭና ከልደታ አፍንጮ በር፣ በሰላም ቤቷ ገብታለች። ሰው አልተጎዳም። የማንም መኪና አልተጫረም። የሷም መስታወት እንኳ አልተሰነጠቀም። ብዙዎቻችሁ «እንዴት ሆነላችሁ?» እያላችሁ ስትደውሉ ነበር። ለሁሉም በየተራ ከማወራ ታሪኩንም ምስጋናውንም አንድ ላይ ላድርሰው ብዬ ነው።

ስም አልጠራም። ግማሾቻችሁ «ስማችንን እንዳታነሺ» ብላችሁኛል። የቀራችሁትን ብቻ ብጠራ ደግሞ ቅሬታ ያመጣል። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ለማታውቋት፣ ፒካፗ የ81 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር። አባቴ ጤፍ ጭኖባታል፣ የበዓል በግ ጭኖባታል፣ ሙሽራ አጅቦባታል። ከሁሉ በላይ ግን የእድሩ መኪና ነበረች ማለት ይቻላል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ የሚሄደው በሷ ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ የሚቀሰቀሰው ጡሩንባ ነፊው ነበር፤ ቀጥሎ አባቴ። እሱ ራሱ ካረፈ በኋላ ልደታ አንድ ዘመዳችን ግቢ ቆመች። ቆማም ቀረች። አሁን ግቢው ሊገነባበት ስለሆነ አንሱልን ተባልን። «ለቆራሌው እንስጣት» ያለ ሰው ነበር። እናቴ ይህን ሰምታ ቀኑን ሙሉ አላናገረችንም። ስለዚህ መጎተት ነበረባት።

የመጀመሪያው ምስጋና ለተሳቢ አከራዩ ነው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ገንዘብ ይዤ ሄጄ የቃል ፈተና ገባሁ። መኪናዋ ስንት ትመዝናለች? ጎማዎቹ ይዞራሉ? መሪው ይታዘዛል? ቁልፉ አለ? ሊብሬዋ በማን ስም ነው? በየት በኩል ነው የምትሄዱት? ደግሞ ዋናው ጥያቄ፣ «ምን ሊጎትታት ነው?»

የአክስቴ ልጅ ቪትዝ ውጭ ቆማ ነበር። ወጥተው አዩዋት። «ይቺ ናት የምትጎትተው? እሷንስ ማን ይጎትታታል?» አሉ። ከዚያ «አይሆንም፣ አላከራይም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ገንዘብ እየተሰጠው እምቢ የሚል ነጋዴ በዚህ ዘመን አይቼ አላውቅም። መቼም አልቆጣቸውም ማለት አልችልም፣ በሰዓቱ ትንሽ ከፍቶኛል። በኋላ ግን ወንበር ስበው አስረዱኝ። ሃይሉክስ ባዶዋን ከአንድ ቶን በላይ ናት። ተሳቢው ራሱ ብረት ነው፣ የራሱ ክብደት ይጨመራል። ጎታች ከተጎታች መክበድ አለበት፤ አለዚያ ቁልቁለት ላይ ማን ማንን እንደሚነዳ አይታወቅም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር እየገፋ የሚያስገባለት መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ፋብሪካው የጻፈው ጉልበት ቸርችል ጎዳና ላይ አይገኝም ማለት ነው።

ስለዚህ ላንድክሩዘር ተፈለገ። እሱን ያመጡልን የጎረቤታችን ሹፌር ናቸው፤ ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

«ተሳቢ ለምን አስፈለገ፣ ገመድ አይበቃም ወይ?» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሰፈር ውስጥም ገመድ አቀብዬ ልምጣ ያለ አልጠፋም። «አይሆንም» ያለው ሁላችንም አለቃ የምንለው የልደታው መካኒክ ነው። ምክንያቱን እንደነገረኝ ልጻፈው፣ ምናልባት ለሌላም ሰው ይጠቅማል። ሞተር ካልሠራ ፍሬን የሚያግዘው አየር የለም። ፔዳሉ ይደርቃል። የኛዋ ደግሞ የፍሬን ዘይቷ ካለቀ ስንት ዘመኑ። ገመድ ወደፊት ይስባል እንጂ ወደኋላ አይዝም። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስንወርድ ገመዱ ይላላል፣ ፒካፗ ሄዳ የፊተኛውን መኪና ትገጫለች። በገመድ ፋንታ የብረት ዘንግ ቢሆን መጋጨቱ ይቀራል። ግን አሁንም ሁለት መኪና በአንድ መኪና ፍሬን ነው የሚቆመው። በዚያ ላይ የኋላ ጎማ ሲሽከረከር የካምቢዮው ውስጥ አብሮ ይዞራል። ዘይቱ ምን ላይ እንዳለ ደግሞ ማንም አያውቅም። ጭነን ከወሰድናት ግን አንድም ጎማዋ መሬት አይነካም።

አለቃ፣ የኋላ ፍሬኑ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ስታገል ያየሁህን አልረሳውም። ናፍጣ ታፈሳለህ፣ በመዶሻ ቀስ እያልክ ትመታለህ፣ ትጠብቃለህ። እንደገና ትመታለህ። አጠገብህ የቆመው ሁሉ «በኃይል ምታው!» ሲልህ አንተ «አይሆንም፣ ይሰነጠቃል» ትላለህ። ምሳህን እንኳ አልበላህም። ጎማው ቋ ብሎ ሲላቀቅ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። የእጅ ዋጋህን ስሰጥህ ግማሹን መለስክልኝ። ብድርህን ይክፈልልኝ።

ጎሚስታው ወንድሜም አለ። አንዱ ጎማ አየር አልይዝ ሲል ከነቸርኬው አሮጌ ጎማ አውጥቶ ገጠመልን፤ «ስትጨርሱ ትመልሱልኛላችሁ» ብሎ ሄደ። እስካሁን እኛ ጋ ነው። እንመልሳለን።

ቅዳሜ ከሰዓት ጫንናት። አከራዩ ራሳቸው መጡ፣ ማንም ሳይጠራቸው። ሞተሩ ወደፊት ሆኖ በዊንች እየተሳበች ወጣች። ወጥታ አለቀ ብለን ቀበቶ ስናነሳ «አይሆንም፣ ትንሽ ወደፊት» አሉ። ሳብናት። «ትንሽ ወደኋላ።» ለቀቅንላት። ስንዝር ለማትሞላ ነገር ምን አስጨነቃቸው ብዬ ነበር። ለካ ነገሩ ሁሉ እዚያች ስንዝር ላይ ነው። ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ ወይም ትንሽ በለጥ ያለው መያያዣው ላይ ማረፍ አለበት። ክብደቱ ወደኋላ ካደላ ተሳቢው ፍጥነት ሲያገኝ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ከልክ በላይ ወደፊት ካደላ ደግሞ የጎታቹ የኋላ ተጭኖ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪ እምቢ ይላል።

ቀበቶዎቹ ከፓራውልት ጋር አልታሰሩም። አራቱም ከሻንሲና ከጎማ ዘንግ ጋር ነው የታሰሩት። በየጎማው ሥር ታኮ ገባ። ከመያያዣው ሥር ሁለት ሰንሰለት ተሻግሮ ታሰረ፣ መንጠቆው ቢከዳ መሬት እንዳይነካ። የኮፈኑ መቆለፊያ ስለማይሠራ ኮፈኑም ታሰረ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው፤ ጎታቹ ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፣ ያ ግፊት ራሱ ፍሬኑን ይይዘዋል። ይህን ያሰበ ሰው ቢገኝ ለሱም ምስጋና ጨምሬ እልክ ነበር።

እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ሰው ነጠላውን ተከናንቦ ወደ ልደታ ማርያም ይሄዳል። አንዲት እናት ጭነቱን አይተው አማተቡ። ለኛ ይሁን ለፒካፗ አላውቅም፣ ሁለታችንንም ጠቅሞናል።

ሹፌራችን በአሰብ መንገድ ያረጁ ሰው ናቸው። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ላንድክሩዘሩ ተርቦ የሌለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፤ እሳቸውም እንደሱ ናቸው፣ አይቸኩሉም። ገና ስንነሳ ሬዲዮ ዘጉ። ወንድሜ ከኋላ ቪዲዮ ልቅረጽ ሲል «አይሆንም፣ ዓይንህን ቀበቶው ላይ አድርግ» አሉት። ከባቡሩ ድልድይ ሥር ሜክሲኮ እንደደረስን ዳር ይዘው ቆሙ። ምን ሆነ ስንል ቀበቶ ሊያዩ ነው። እውነትም ሁለቱ ላልተው ነበር። ጭነት መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ቦታውን ይይዛል፣ ቀበቶ ይላላል፤ መጀመሪያዋን ኪሎ ሜትር ሄዶ አለማየት የጀማሪ ሥራ ነው አሉን።

ለገሃር ላይ ትራፊክ ፖሊሷ አስቆመችን። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ሦስተኛ ወገን፣ ሁሉንም አየች። ዞራ የተሳቢውን የኋላ መብራት አየችና «አይሆንም» አለች። ሌላ አይሆንም! የፍሬን መብራቱ አይበራም። ቅጣት መጻፍ ትችል ነበር። እሷ ግን ከኋላ ቆማ ሹፌራችን ሽቦውን ሲነካኩ «በራ! ጠፋ! አሁን በራ፣ ተዉት!» እያለች አገዘችን። ሊስትሮ ልጆችም ከዳር ሆነው አብረው «በራ!» ይላሉ። መጨረሻ ላይ ፒካፗን ዞር ብላ አየቻትና «ምንድነው እንዲህ የሚያስለፋችሁ?» ብላ ጠየቀች። ነገርናት። ቀይ ጨርቁን ራሷ አጥብቃ አሰረችልን። እህቴ፣ ስምሽን አልጠየቅኩም፣ ምስጋናዬ ባለሽበት ይድረስሽ።

ቸርችልን ስንወጣ ማንም አላወራም። ጥቁር አንበሳን በሁለተኛ ማርሽ አለፍን። ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ ጋሼ ሹፌራችን የሴባስቶፖልን መድፍ አምሳያ በአገጫቸው አሳዩን። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ያን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ወራት ፈጅቶባቸዋል፣ መንገዱንም እየጠረጉ ነው የሄዱት። «እኛ አስፋልት ላይ ነን፣ አታጉረምርሙ» አሉ። ማናችንም አላጉረመረምንም፤ ግን ሳቅን፣ እስትንፋሳችንም ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት እስከ ማዘጋጃ ድረስ እውነተኛው ዳገት ነው። አንደኛ ማርሽ ገባ። ከኋላችን የመጣ ታክሲ ጥሩንባ ሊነፋ እጁን አነሳና ጭነቱን ሲያይ ተወው። እሱንም አመሰግናለሁ፣ ታክሲ ጥሩንባ ሲተው በየቀኑ አይገጥምም።

ፒያሳን በቀላሉ አለፍናት። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ ግን ጋሼ ከላይ ጀምረው በዝቅተኛ ማርሽ ያዙት። ፍሬን የነኩት ጥቂት ነው። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ተሳቢው ከኋላ ኳ ይልና ይይዛል። እጄን ከበሩ እጀታ ላይ ያነሳሁት ድልድዩን ተሻግረን ነው።

አፍንጮ በር ስንደርስ ጨርሰናል ብለን ነበር። የኛ ቅያስ ግን ተሳቢ አያስገባም። በኋላ ማርሽ ለማስገባት ተሞከረ። ተሳቢ ወደኋላ ሲሄድ መሪ በተገላቢጦሽ ነው፣ ግፊት ሲያገኝ ፍሬኑም ይያዛል። ጋሼ ወርደው የአጥሩንና የመንገዱን ስፋት በእርምጃ ለኩና «አይሆንም። እዚሁ እናውርዳት፣ በሰው ትግባ» አሉ።

እንግዲህ ይህ ክፍል የናንተ ነው፣ የእድራችን ሰዎች። ማን እንደጠራችሁ እስካሁን አላወቅሁም። ጡሩንባ አልተነፋም። ከቅዳሴ የተመለሰው በነጠላው፣ ከእንቅልፉ የተነሳው በቱታው መጣ። ጉሊት የሚሸጡት እናታችን ቲማቲማቸውንና ዣንጥላቸውን አንስተው መንገድ ለቀቁ፣ የጠዋት ገበያቸውን ማለት ነው። መሪ ላይ እኔን አስቀመጣችሁኝ። ቁልፉ ዞሮ መሪው ተፈቷል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ነው፣ ፍሬን የለም። ፍሬኑ ሁለቱ የሰፈራችን ልጆች ነበሩ፤ ትልልቅ ድንጋይ ታቅፈው ከኋላ ጎማ ጎን እየሄዱ፣ «ያዝ!» ሲባል ድንጋዩን ጎማው ሥር ይጥላሉ። ከገፊዎቹ አንዱ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው፣ በሱፍ ልብስ። «በሷ ያልተሸከምነው የለም፣ ዛሬ እሷን እንሸከማት» ሲሉ ሰማሁ። ጋሼ፣ ሱፍዎ ላይ ግራሶ ነክቶታል። ላሳጥብልዎ ብዬ እምቢ ብለውኛል፣ አሁንም አልተውኩም።

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። እልል አለች። ከዚያ ቡና ተፈላ፣ ድፎ ተቆረሰ። ያልደረሳችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ ያን ያህል ሰው ይመጣል ብለን አልጠበቅንም።

ተሳቢው ሰኞ ጠዋት ተመልሷል። አከራዩ ቀበቶውን አንድ በአንድ ዘርግተው አይተው መያዣዬን ሳይቀንሱ ሰጡኝ። «ሞተሯ ሲነሳ ደውዪልኝ» ብለውኛል። አለቃ ከልደታ መጥቶ ያያታል፤ ቀኑን ገና አልተነጋገርንም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ግቢያችን ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ ሃይድሮሊክ ክሪክ አለ። ቀይ ነው፣ እጀታው ላይ ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። የአለቃ አይደለም፣ የሹፌራችንም አይደለም፣ አከራዩም የኔ አይደለም ብለዋል። ከእድር ሰዎች ወይ ከመንገድ ላይ ካገዙን የአንዳችሁ ነው። ማታ ማታ ሰው አይጠፋም፣ በሩን አንኳኩና ውሰዱት።