ስለ አውሮፓ ምኩራቦች በዓል ያወጣችሁት ጽሑፍ ጎደሎ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አውሮፓ ውስጥ ስለሚከበረው የአይሁድ ባህል ቀን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ነገሩን «ሙሽራ የሌለበት ሠርግ» ብሎ ዘግቶታል፤ በዓሉ አለ፣ አይሁዶቹ ግን የሉም ማለቱ ነው። ሙዚቃ፣ ምግብ፣ ቱሪስት፣ በቃ። እኔ የምኖረው ኢጣሊያ፣ ፍሎረንስ ነው፤ እዚህ የማየው ግን ከዚህ ለየት ይላል።

ቀኑ የተጠነሰሰው በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይ ውስጥ፣ በስትራስቡርግ አካባቢ ነው። የአካባቢውን፣ የአልዛስን፣ የአይሁድ ቅርሶች ለሕዝብ ክፍት እናድርግ ተብሎ ተጀመረ፤ ዛሬ ወደ 30 አገሮች ያከብሩታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ሴፕቴምበር ሲገባ ባለው እሑድ፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ በምንልበት ሰሞን ነው።

ጸሐፊው እውነት ያለው በፖላንዷ ከተማ በክራኮው ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የከተማዋ ሩብ ያህል ነዋሪ፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው፣ አይሁዳዊ ነበር። አሁን የቀሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ታዋቂውን የክራኮው የአይሁድ ባህል ፌስቲቫል በ1988 የጀመሩት ሁለቱ ሰዎችም አይሁዶች አይደሉም፣ ፖላንዳውያን ናቸው። በዚያው ከተማ ሳንቲም የጨበጠ አይሁዳዊ የእንጨት አሻንጉሊት «ገንዘብ ያመጣል» እየተባለ ለቱሪስት ሲቸበቸብ ኖሯል። ይኼ ዓይን ያወጣ ንቀት ነው። የፌስቲቫሉ ጀማሪዎች ግን ኮሚኒዝም ገና ሳይወድቅ፣ ጉዳዩ እምብዛም በማይነሳበት ጊዜ ደፍረው የተነሱ ሰዎች ናቸው። እነሱን ከአሻንጉሊት ሻጩ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ ተገቢ አይደለም።

የሀንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት ደግሞ ሌላ ነው። በዶሃኝ ጎዳና ያለው ምኩራብ በ1859 ተሠርቶ ያለቀ ሲሆን ወደ 3,000 ሰው ያስቀምጣል። በአውሮፓ ትልቁ እሱ ነው። ዛሬም ይጸለይበታል። በበጋ ኮንሰርት ይደረግበታል፤ በዚያው ግቢ በ1944 እና 45 የብርድ ወራት በጌቶው (አይሁዶች ታጉረውበት በነበረው ሰፈር) ውስጥ ያለቁ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተቀብረዋል። ሙሽራዋ አለች ማለት ነው፣ ሐዘንተኛ ሆና።

አሁን ወደ ፍሎረንስ ልምጣ። ምኩራቡ በ1882 ተመረቀ። አረንጓዴ የመዳብ ጉልላቱ ከሩቅ ይታያል። በጦርነቱ ጊዜ ናዚዎች ጋራዥ አደረጉት። በ1944 ሊሸሹ ሲሉ ፈንጂ አጠመዱበት፤ አብዛኛው ከሸፈ፣ የተጎዳው አንድ ሰገነት ብቻ ነው። የኦሪት ጥቅልሎቹ የሚቀመጡበት ታቦት በሮች ላይ የሳንጃ ምልክት አሁንም አለ። ጠጋ ብሎ ላየ፣ ወርቅ ቅቡ ተፍቆ ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በግቢው ደግሞ ተግዘው ያልተመለሱት ሰዎች ስም በድንጋይ ተቀርጿል። ሙዚቃ ሊሰማ የመጣ ሰው እነዚህን ሳያይ አይወጣም። ታዲያ ይህን «ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት» ማለት ምን ይሉታል?

ጽሑፋችሁን ጎደሎ ያልኩበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ፍሎረንስ ከእኛ ታሪክ ጋር የተያያዘች ከተማ ናት። ፖላንድ የተወለደው አይሁዳዊ ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ቤተ እስራኤል አገር ሄዶ ሲመለስ ይዟቸው ከመጣው ወጣቶች አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። መጀመሪያ ፓሪስ ተማሩ፤ ከዚያ እዚህ ፍሎረንስ በራቢዎች (የአይሁድ የሃይማኖት መምህራን) ኮሌጅ ገቡ። ጉልላቱ ያን ጊዜ ገና አዲስ ነው። የጎንደር አካባቢ ልጅ በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ሲሄድ ሰዉ እንዴት እንዳየው አስቡት። ኋላ አገራቸው ተመልሰው በ1920ዎቹ አዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ። ከዚያ ኢጣሊያ ወረረችን፤ እሳቸውም ለስደት ተዳረጉ። ያስተማራቸው አገር ነው ያሳደዳቸው። በ1938 ደግሞ ያው መንግሥት የዘር ሕግ አውጥቶ አብረዋቸው በተማሩት የኢጣሊያ አይሁዶች ላይ ዞረ።

የሐበሻ ጋዜጣ ስለ አውሮፓ ምኩራቦች ሲጽፍ ይህን እንዴት ይዘለዋል? እዚህ ያለው ሐበሻም ብዙው አያውቀውም። እሑድ እሑድ በምኩራቡ አጠገብ ያልፋል፣ ቀና ብሎ ጉልላቱን ያያል፣ መንገዱን ይቀጥላል።

«ባለቤት የሌለው በዓል» የሚለው ነገር አገር ቤትም ይመለከተናል። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። እስከ 1991 ድረስ ነዋሪዎቿ ወደ እስራኤል ሄደው አለቁ። ጎብኚው ትንሿን የጸሎት ቤት አየት ያደርግና የዳዊት ኮከብ ያለበት ሸክላ ገዝቶ መኪናው ውስጥ ይገባል። ሻጮቹን አልወቅስም፣ እንጀራቸው ነው። ግን ያ ሸክላ የማን እጅ ሙያ እንደነበር፣ ሴቶቹ ጭቃውን እንዴት ያቦኩት እንደነበር ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። አሁን እስራኤል የሚኖሩት የዚያች መንደር ልጆች ቢጋበዙና በዓመት አንድ ቀን ራሳቸው ቢተርኩ እኮ ያምራል።

ከእናንተ የምጠይቀው ግን ቀላል ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ቀን፣ ስለ ታምራት አማኑኤል የፍሎረንስ ዓመታት አንድ ገጽ ስጡን። እኔም እዚህ ያሉትን ሐበሾች አስተባብሬ አብረን እንሄዳለን፤ አማርኛ የሚችል አስጎብኚ ከጠፋ ጣሊያንኛ የሚችሉ ልጆች ስላሉን እነሱ ያስተረጉሙልናል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ ከፍሎረንስ