ፍሪጅ ላይ የከረመው ፖስታ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በቅርቡ «የሰው ሥራ በቃን» ብለው የራሳቸውን ሥራ ስለጀመሩ ወገኖቻችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። ስለ መኪና ግዢው፣ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ግብሩ ሁሉ ተነግሯል። ስለ ጤና ኢንሹራንስ ግን አንዲት መስመር አላየሁም። እኛንም ጉድ ልትሠራን የነበረችው እሷው ናት።

ባለቤቴ 11 ዓመት ከሠራበት ሆቴል የወጣው እቁብ ደርሶት ለታክሲ ሥራ መኪና በገዛ ሰሞን ነው። በሆቴሉ በኩል የነበረን ኢንሹራንስ ማርች 31 ላይ አበቃ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ፤ ማስታወቂያ መስሎት ፍሪጁ ላይ ከበርበሬው ጣሳ ሥር ሸጎጠው። ሜይ 9 ሌሊት ሆዴን ብሎ ተነሣ። ትርፍ አንጀት ነበር። እሱን ወደ ቀዶ ጥገና ሲያስገቡት መዝገብ ላይ የተቀመጠችው ልጅ «ኢንሹራንስ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በማግስቱ ፖስታውን የከፈተችልን የሒሳብ ሥራ የምታውቅ ጎረቤታችን ናት። «ይኼማ ኮብራ ነው» አለች። (ስሙን ያወጡለት ሰዎች ምን ነክቷቸው እንደሆነ እንጃ!) በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ድርጅት የለቀቀ ሰው፣ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም እንኳ፣ የነበረውን ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር ይዞ መቆየት ይችላል። ለመወሰን 60 ቀን ይሰጠዋል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ከተመዘገበና ያለፉትን ወራት አረቦን ከከፈለ ሽፋኑ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለታል። እኛን ያተረፈን ይህ ነው፤ ከራሳችን ድርሻ በቀር የቀዶ ጥገናው ሂሳብ ተከፈለልን።

ዋጋው ግን አይቀመስም። አሠሪው ሲሸፍነው የነበረው ድርሻ በሠራተኛው ላይ ይወድቃል፤ እስከ 2 በመቶ የአስተዳደር ወጪም ሊጨመርበት ይችላል። ከደመወዙ በወር 480 ዶላር ይቆረጥ የነበረው 2,140 ሆነብን። የኤፕሪልንና የሜይን ከፍለን፣ ከጁን 1 ጀምሮ ሰው በግሉ ኢንሹራንስ በሚገዛበት የግዛታችን ገበያ፣ በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን በኩል ሌላ ገዛን። እዚያም ለመመዝገብ የተሰጠን 60 ቀን ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ቀኑ ካለፈ በኋላ «ኮብራው ከበደኝ» ብሎ መክፈል ያቆመ ሰው ዓመታዊው ምዝገባ እስኪከፈት ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

እዚያ ቅጽ ላይ ገቢ ሲሞላ ደግሞ ብዙ ባለታክሲዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ፤ የሰበሰቡትን ሁሉ ይጽፋሉ። የሚፈለገው ቤንዚኑ፣ ጥገናውና ሌላው የሥራ ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። መንግሥት ለኢንሹራንሱ የሚሰጠው ድጎማ የሚሰላው በዚያ ነውና በከንቱ ብዙ ይከፍላሉ። ይበልጥ ይደጎምልኝ ብሎ አሳንሶ የጻፈም በግብር ሰሞን መመለሱ አይቀርለትም።

ስለዚህ አዘጋጅ ሆይ፣ ወደፊት ሥራውን ለቆ የራሱን የጀመረ ሰው ስታነጋግሩ «መኪናውን በስንት ገዛኸው?» ከማለታችሁ በፊት «ኢንሹራንስህን ምን አደረግኸው?» ብላችሁ ጠይቁልን።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ