ከጎቴኒትሳ መልስ

ሰሊዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም፤ ይኸው ስንት ክረምት አለፈ። እኔ ደህና ነኝ፣ አሁንም ስሎቬንያ፣ ዋና ከተማዋ ሉብሊያና ነኝ። ዛሬ የጻፍኩልሽ ባለፈው ቅዳሜ ያየሁትን ነገር የሚሰማኝ ሰው አጥቼ ነው። ስድስት ኪሎ እያለን መምህሩ ስለ ጦርነት ሲያወራ «ነዋሪዎቹስ የት ገቡ?» እያልሽ መከራውን የምታሳዪው አንቺ አልነበርሽ?

ከዚህ በስተደቡብ ኮቼቭዬ የሚባል አገር አለ፤ ጀርመኖች ጎትሼ ይሉት ነበር። ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፣ ድብ ይኖርበታል (እኔን አላገኘኝም፣ ተመስገን)። በፈረንጆቹ 1330ዎቹ የኦርተንቡርግ መሳፍንት ጫካውን መንጥሮ የሚያቀና ጀርመንኛ ተናጋሪ ገበሬ ከዛሬዋ ኦስትሪያ፣ ከካሪንትያና ከቲሮል አምጥተው አሰፈሩበት። መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ እርሻው አላጠገባቸውም። በ1492 ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 3ኛ ዞረው እንዲነግዱ ፈቀደላቸውና ወንዱ የተልባ እግር ጨርቅና የእንጨት ዕቃ ተሸክሞ አገር ለአገር ይዞር ጀመር። እንዲህ እያሉ፣ የራሳቸውን የጀርመንኛ ዘዬ እያወሩ፣ 600 ዓመት ኖሩ።

በ1941 ኢጣሊያ አካባቢውን ያዘች። ሂትለርና ሙሶሊኒ ተስማሙና ጎትሼዎቹ፣ እነዚያ ሰፋሪዎች፣ ተነስተው ወደ ጀርመን ግዛት እንዲገቡ ተባለ። የሚመሯቸው ወጣቶች ናዚነት የተዋሐዳቸው ነበሩ፤ አልሄድም ያለው ጥቂት ነው። ብርዱ ሲገባ ከ11 ሺሕ በላይ ሰው ተነሳ። የት ገቡ መሰለሽ? ጀርመን በያዘችው የስሎቬንያ ክፍል፣ ብሬዢትሴ በምትባል ከተማ አካባቢ፣ ናዚዎች ስሎቬኖቹን ባባረሩበት ቤት! በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስሎቬኖች ወደ ጀርመን ተግዘው ነበር። ከአያት ቅድመ አያት ቀዬ ተነቅለዋልና ላዝንላቸው እልና የገቡበት ቤት ትዝ ሲለኝ ሐዘኔ መሐል ላይ ይቆማል። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?

የተለቀቁትን መንደሮች ብዙዎቹን በ1942 የኢጣሊያ ጦር አቃጠላቸው። በ1945 ጎትሼዎቹ ያንንም ቤት ጥለው ወደ ኦስትሪያ ተሰደዱ፤ ብዙዎቹ ኒውዮርክ፣ ሪጅውድ ገቡ። ጎትሼር ሆል የሚባል አዳራሻቸው እስካሁን እዚያ አለ።

እኔ የሄድኩት ከጎትሼዎቹ መንደሮች አንዷ ወደሆነችው ጎቴኒትሳ ነው። እሷን ከጦርነቱ በኋላ የዩጎዝላቪያ ኮሚኒስቶች ከነአካባቢዋ አጠሯት፤ ለባለሥልጣናት የሚሆን ምሽግ ከመሬት በታች ሠሩ፣ እስከ 1990 ድረስ ተራ ሰው ድርሽ አይልባትም ነበር። ከመንደሯ ወጣ ብሎ ዱር ውስጥ ሙጭጭ ያለ ሣርና የድንጋይ ሽበት የወረሰው የቤት መሠረት አገኘሁ። ሁለት የድንጋይ ደረጃ ቀርቶታል፣ ከላዩ ግን በር የለም። አጠገቡ አንድ የፕለም ዛፍ ፍሬውን አርግፎ ተርብ ሰፍሮበታል። አንዱን አንስቼ ቀመስኩት፤ ትንሽ ይጎመዝዛል፣ ግን ፕለም ነው። ዱር መሐል ማን ተከለው እንዳትይኝ!

እስቲ አንቺም ጻፊልኝ። እናትሽ ጉልበታቸውን ተሻላቸው ወይ? ያ ስትታገዪው የነበረው የቤት ጉዳይስ ምን ደረሰ? መደወል ብትፈልጊ ስልኬ ያው ነው፤ ደብዳቤ ግን ይሻለኛል።

ያንቺው ማኅሌት