«በ» ሁልጊዜ «ባይ» አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የኢኮኖሚና የውጭ ዜና ገጾች ላይ ከእንግሊዝኛ ተተርጉመው የሚወጡ ዘገባዎችን ለዓመታት የተከታተልሁ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ብዕር ያስነሣችኝ እንግሊዞች በሁለት ፊደል ብቻ የሚጽፏት «ባይ» የተባለችው ቃል ናት። ተርጓሚዎቻችን ይህችን ቃል ባዩ ቁጥር «በ»ን ይተኩባታል፤ ብዙ ጊዜ ይሳካላቸዋል፣ ሳይሳካ ሲቀር ግን አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ተርጓሚዎቹን አጥብቆ መውቀስም ያስቸግራል። በእጅ የተሰፋ ልብስ፣ በኪሎ የሚሸጥ ቡና፣ በስም ብቻ የምናውቀው ሰው፣ አራት በአራት የሆነች የኪራይ ክፍል፣ አንድ በአንድ የገቡ እንግዶች፣ ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ በ«ባይ» ይነገራል። በእግዚአብሔር ብሎ የሚምል ሰው እንኳ መሐላውን የሚያስረው በዚህችው ቃል ነው። መንገዳችን በግልጽ የሚለያየው የሒሳብ ክፍል ስንገባ ነው፤ እነሱ ሲያባዙም ሲያካፍሉም ባይን ይዘው ሲቀጥሉ፣ እኛ ሦስትን በአራት አባዝተን አሥራ ሁለትን ግን ለሦስት እናካፍላለን። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ዘወትር ይስቃሉ።

አሳሳቢው ነገር መቶኛ የያዘ ዜና ነው። አንድ ነገር በ20 በመቶ ጨመረ ሲባል ጭማሪው ራሱ 20 በመቶ ነው፤ ወደ 20 በመቶ ጨመረ ሲባል ደግሞ የደረሰበት ልክ 20 በመቶ ነው መባሉ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ የሚለዩት በሁለት የተለያዩ መስተዋድዶች ስለሆነ ጥንቁቅ አንባቢ አያምታታቸውም። በእኛ ቋንቋ ግን «ወደ» ሌላም ሥራ አለው፤ ወደ 50 ሰዎች መጡ ስንል ግምት መስጠታችን ነው። ስለዚህ «የዋጋ ግሽበቱ ወደ 20 በመቶ ጨመረ» የሚለውን ርእስ አንዱ አንባቢ «20 ደረሰ» ብሎ፣ ሌላው «20 ገደማ ተጨመረበት» ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ሁለቱም አማርኛ አላጠፉም። «20 በመቶ ደረሰ» ወይም «የ20 በመቶ ጭማሪ አሳየ» ቢባል ክርክሩ ያበቃ ነበር።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ በአገራችን ሰነድ ላሳይ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው የአየር ንብረት ዕቅድ፣ የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀቷን በነበረው አካሄድ ቢቀጥል ይደርስበታል ተብሎ ከተገመተው መጠን፣ እ.ኤ.አ. 2030 ላይ በ68.8 በመቶ ዝቅ ለማድረግ አቅዳለች። እዚህ ላይ «በ» የሚለውን አንሥቶ «ወደ» የሚያስገባ ተርጓሚ ቅነሳውን ወደ 31.2 በመቶ አወረደው ማለት ነው። (እኔም አሁን «ወደ» ብያለሁ፤ የግምት እንዳይመስልባችሁ።)

በዚያው ዓረፍተ ነገር የእንግሊዝኛ ቅጂ ዓመተ ምሕረቱም የሚመጣው በባይ ነው፤ ትርጉሙ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ቀንና ዓመት ስታስከትል ባይ የምትነግረን ነገሩ የሚፈጸምበትን ጊዜ ሳይሆን ሳይፈጸም ሊያልፍ የማይገባውን ወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አገሪቱ መካከለኛ ገቢ ላይ እንድትደርስ የሰጠው ወሰን እ.ኤ.አ. 2025 ነበር፤ «በ2025» ተብሎ ሲጻፍ ግን ዓመቱ ራሱ የቀጠሮ ቀን ይመስላል። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ ከፊቱ ከወደቀች ደግሞ አንባቢው በራሱ አቆጣጠር ሌላ ሰባት ስምንት ዓመት ይመርቅበታል።

የእኅቴ ልጅ ለትምህርት ዕድል ሲያመለክት የተሰጠው የተተረጐመ ቅጽ ሰነዶቹ «በሐምሌ 8 እንዲደርሱ» ያዝዝ ነበር። ልጁ ሰነዱን በሰኔ አሟልቶ ጨርሷል፤ ታዛዥ ስለሆነ ግን ቀኑን ጠበቀ። ሐምሌ 8 እሑድ ዋለ፣ ቢሮው ተዘግቶ አገኘው፣ ሰኞ ሲመለስ ጊዜው አልፏል ተባለ። «ሐምሌ 8 ወይም ከዚያ በፊት» አለዚያም «ሐምሌ 8 ሳያልፍ» የሚሉትን ቃላት ለመጻፍ ስንት ቀለም ይፈጅ ነበር? «እስከ»ም ቢሆን ያገለግላል፤ ነገር ግን እኛ እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ እና እስከ ዓርብ እቆያለሁ ለሚሉት ሁለት ሐሳቦች አንድ ቃል ስለምንጠቀም፣ ተርጓሚው ግሡን አይቶ መወሰን አለበት። ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ ድርሰታቸው በብዛት የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው።

ድርጊት ፈጻሚውን በተመለከተም ጥቂት ልበል። «በባንኩ የተፈረመው ውል» የሚለው ባንኩ የፈረመውን ነው ወይስ ባንኩ ውስጥ የተፈረመውን? አማርኛ ግሡ ውስጥ ባለቤቱን አስቀምጦልናል፤ «ባንኩ የፈረመው ውል» ማለት ይበቃል፣ ቃሉም ያጥራል።

ባይ ስም ሳታስከትል ብቻዋን ስትቆም ብዙ አታስቸግርም። መንገደኛው በአጠገብ ሲያልፍ «አላፊ አግዳሚ» የሚል ያማረ ቃል አለን፤ «ስታንድባይ» የሚባለው ጄኔሬተርም ተጠባባቂ ቢባል አይቀየምም። ወጣቶቻችን ወሬ መሐል ጣል የሚያደርጓት «ባይ ዘ ዌይ» ደግሞ «በነገራችን ላይ» እያለ ለምን እንዳስፈለገች አልገባኝም። ስንለያይ የምንባባላት «ባይ» ግን ከዚህችኛዋ ጋር ዝምድና የላትም፤ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን ከሚል የቆየ የእንግሊዝኛ ምርቃት ተቆርጣ የቀረች ናት።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችሁ ቁጥር ወይም ቀን ያለባቸውን የትርጉም ዜናዎች ከመታተማቸው በፊት ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲያነባቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሐምሌ 8ቱን ቅጽ ፎቶ ኮፒ፣ የተቋሙን ስም ሸፍኜ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር፣ ከደሴ