ስለ እጅ ሥራ ክበባችን ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የቅዳሜውን የእጅ ሥራ ክበብ ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ክበቡ ከተከፈተ ወዲህ ከእናንተ የሚደርሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው ሁለት ናቸው። «ትምህርቱን አያዘናጋውም ወይ?» ለምትሉ፣ ክበቡ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፤ በፈተና ሰሞንም ይዘጋል። «ልጄ የትኛውን ሙያ ብትይዝ ይሻላል?» ለሚለው ግን መልሳችን ረዘም ይላል።

ባየነው መጠን ልጅ የእጅ ሥራ የሚወደው መርጠንለት አይደለም፤ የሚሠራ ሰው አጠገብ ሲቀመጥ ነው። ስፌት (ከሣር ሰፌድና ሞሰብ መስፋት) ከያዙት ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው የምትሰፋ አያት ወይም አክስት አለች። ዳንቴል የጀመሩት ደግሞ ጓደኛቸውን አይተው ወይም ከዩቲዩብ ተምረው ነው። ዩቲዩቡን አንነቅፍም፤ ክሩ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ግን አጠገብ ያለ ሰው ቢያሳይ ይሻላል።

ስፌትን ብንወስድ፣ ሰንደዶ የሚባለው ሣር ውስጡን ይይዛል፤ አክርማ የሚባለው ሣር በላዩ ይጠመጠማል፤ ቀለም የገባው አክርማ፣ አለላ የምንለው፣ ጌጡን ያወጣል። አክርማው ሳይርስ ከተሰፋ ይሰበራል። ሥራው የሚከብደው መነሻው ላይ ነው። ዙሩ ገና ጠባብ ስለሆነ ሰንደዶው አልታጠፍ ይላል፤ መስፊያው ወስፌም ጣት ይወጋል። ብዙ ልጅ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። ጥቂት ዙር ያለፈውን ግን ምሳ ደረሰ ብንለውም አይሰማንም። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሰፌዷ አንድ ጎኑ ጎበጥ ሲልባት፣ ማንም ሳያዛት እስከ ጎበጠው ዙር ድረስ ፈትታ እንደገና ሰፋችው። ሒሳብ ላይም እንዲህ ብታደርግልን እንወድ ነበር!

ስለዚህ የጀመሩትን እናንተ አትጨርሱላቸው። የእናት እጅ ከሩቅ ይታወቃል። «ሸጠሽ ገንዘብ ታገኚበታለሽ» የሚለውም ለጊዜው ይቆይ፤ መጀመሪያ ይውደዱት። አንዱን ትቶ ሌላ የሚሞክር ልጅም አይቆጣ፤ ከስፌት ወደ ጥልፍ፣ ከጥልፍ ወደ ሸክላ የሚዞሩ አሉ፤ በኋላ አንዱ ላይ ይረጋሉ።

«ወንድ ልጄ ክር ይዞ ሲቀመጥ ደስ አይለኝም» ያላችሁንም ሰምተናል። ሽሮ ሜዳ ብትወርዱ የምትለብሱትን ነጠላ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ የዶርዜ ሸማኔዎችን የማያውቅ አለ? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል፤ በክበባችንም «የሴት ሥራ»፣ «የወንድ ሥራ» የሚባል የለም። ሐረር የቆዩት የሴቶቹ ስፌት ግድግዳውን ሞልቶት ሳያዩ አልቀሩም፤ ያንን ለመሥራት የሚጓጓ ወንድ ልጅ ካለ ወስፌ እንሰጠዋለን።

የምንጠይቃችሁ ጥቂት ነገር ነው። ውድ ዕቃ አትግዙ፤ ወስፌና ኪሮሽ ከትምህርት ቤቱ አለ። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ግን በመስከረም ሰንደዶና አክርማ ብታስልኩልን ትልቅ ውለታ ነው፤ ከተማ ውስጥ እንደልብ አይገኝም። ከሁሉም በላይ፣ ስፌት፣ ጥልፍ፣ ፈትል ወይም ሽመና የሚያውቁ እናት፣ አባት፣ አያት ካሉ ቅዳሜ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት መጥተው ከልጆቹ ጋር እየሠሩ ቢያወሩልን እንወዳለን። ማስተማር አልችልም ብለው እንዳይቀሩ፤ ቁጭ ብለው ቢሠሩ ይበቃል። ቡናው ከእኛ ነው። ስማችሁን ለክፍል ኃላፊው መምህር አስመዝግቡ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር