ብድሩ የሚበላሸው ከቢሮ ሳይወጣ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የብድርና ቁጠባ ነገር በተነሳ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ተበዳሪው ላይ ነው። «ገበሬው መክፈል አይወድም» ይባላል። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የብድር ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ያየሁት ሌላ ነው። ብዙው ብድር የሚበላሸው ገና ከቢሯችን ሳይወጣ ነበር።

ከብቸና ወጣ ብሎ አንዲት እናት ነበሩ። ሁለት በሬ አድልበው ለፋሲካ ሊሸጡ አስበው በጥር መጀመሪያ አመለከቱ። ለማድለብ ሦስት ወር ገደማ ያስፈልጋል፤ ሒሳባቸውን አስልተው ነው የመጡት። ማመልከቻው እኛ ጠረጴዛ ላይ ከረመ። አንዴ ፊርማ ጎደለ፣ አንዴ ኮሚቴው አልተሰበሰበም። ገንዘቡ የተለቀቀው መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው። በሬ ተወዷል፣ ፋጉሎም ጨምሯል። ፋሲካ ሲደርስ የበሬዎቹ ጎን ገና አልሞላም። በገዙበት ዋጋ ገደማ ሸጧቸው። የመክፈያው ቀን ሲያልፍ ቤታቸው ድረስ ሄጄ የጠየቅኳቸው እኔው ነኝ። ቡና አፍልተው ነበር የጠበቁኝ። «ውዝፍ» የሚለው ቃል የተጻፈው እሳቸው ስም አጠገብ ነው። የእኛ መዘግየት የተጻፈበት ቦታ የለም።

የሠራተኛውም ነገር አለ። በአንድ ወቅት በእኔ ስም ከ400 በላይ ተበዳሪ ነበር። መንገዱ በእግር ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው አያስኬድም። ቅጹ ላይ «ተጎብኝቷል» ብዬ የፈረምኩባቸው፣ ግን ያልረገጥኳቸው ደጆች አሉ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የምንገመገመው ስንት ብር እንዳበደርን እንጂ ስንቱ በደህና እንደተመለሰ አልነበረም። ስለዚህ እንቸኩላለን። «አምስት ሰው አሟሉና ኑ» እንላለን፤ ቡድኑ እዚያው በራችን ላይ ይመሠረታል። አንዱ ለሌላው ዋስ የሚሆንበት የቡድን ዋስትና የሚጸናው ሰዎቹ ጠባይ ለጠባይ ሲተዋወቁ ነው። በር ላይ የተገናኘ ሰው ለማን ብሎ ይከፍላል?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሰኔ 30፣ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሲቃረብ የሚሠራው ነው። በዘርፉ የተለመደው መለኪያ ግልጽ ነው። አንድ ክፍያ ከ30 ቀን በላይ ከዘገየ፣ ያልተመለሰው ብድር በሙሉ አደጋ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ቅርንጫፉ ይጠየቃል። ስለዚህ አሮጌው ዕዳ በአዲስ ብድር ይዘጋል። መዝገቡ ያምራል፤ ሰውየው ግን ዕዳው ጨምሮበት ወደ ቤቱ ይገባል። የውስጥ ኦዲተር አንድ ቀን ቀበሌ ወርዶ ተበዳሪውን ቢያነጋግር ይህ ሁሉ ይወጣ ነበር። የሚያየው ግን ፋይል ብቻ ነው።

የመክፈያ ቀኑንም ያወጣነው እኛ ነን። ጤፍ አብቃዩ ገና ከአውድማ ሳይረጋጋ፣ በታኅሣሥና በጥር ክፈል ይባላል። ያን ጊዜ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ወርዷል። ጥቂት ወር ቢታገሡት በተሻለ ዋጋ ሸጦ ይከፍል ነበር። ነጋዴው፣ አድላቢው፣ አራሹ በአንድ ዓይነት ቀጠሮ መያዛቸው አይገባኝም።

ተበዳሪ ሁሉ ንጹሕ ነው አልልም። ገንዘቡን ለሠርግ ያዋለ አውቃለሁ። ግን እሱንም ቢሆን ቀድመን ብንጎበኘው እናውቅ ነበር።

የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለማድለብና ለመስኖ የገቡትን ማመልከቻዎች ዛሬውኑ ከመሳቢያ አውጥታችሁ ቀናቸውን እዩ። በጥር ያመለከተ ሰው በጥር መልስ ያግኝ፤ «አይሆንም» ቢሆንም እንኳ።

የቀድሞ የብድር ባለሙያ
ከደብረ ማርቆስ