ፓስቴል ሥዕል ላሚኔት አይደረግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በ1918 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር ለስምንት ሠዓሊዎች የሻምበልነት ማዕረግ ሰጥቶ ወደ ፈረንሳይ ግንባር ልኳቸው ነበር። እነ ሃርቪ ደንና ሃሪ ታውንሰንድ እዚያ የሠሯቸው ሥዕሎች፣ በከሰልና በፓስቴል የተሣሉትም ጭምር፣ ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ። በጣት ሲነካ የሚራገፍ ቀለም ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሙዚየሟ ሳይቀር በተዘረፈባት ደሴም፣ በዚያ ጊዜ በፓስቴል ሥዕል የሠራ ሰው ሥራውን ማቆየት ይችላል።

ዋናው ጠላት ላሚኔት ነው። ፓስቴል በጥቂት ሙጫ የተያያዘ የቀለም ዱቄት ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ያርፋል እንጂ አይሰርግም። ላሚኔቱ በሙቀት ሲጣበቅ ዱቄቱን ይነቅለዋል፤ መመለሻም የለውም። የፀጉር ስፕሬይም አይነፋበት። ፈሳሹ በዱቄቱ መሐል ያለውን አየር ስለሚሞላው ደማቁ ቀለም ይጠቁራል፣ ውሎ አድሮም ቢጫ ይሆናል።

ፍሬም ቤት ስትወስዱት መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ አጥብቃችሁ ንገሯቸው፤ በዙሪያው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ካርቶን ይግባ። በመስታወት ፈንታ ፕላስቲክ አይሁን፤ ሲወለወል ማበጠሪያ ፀጉር እንደሚስበው ዱቄቱን ይስባል። (ተማሪዎች የሚይዙት ዘይት ፓስቴል ሌላ ነው፤ ባይራገፍም መስታወት ላይ ይጣበቃልና ክፍተቱ ለእሱም ያስፈልጋል።) ከጀርባው ፕላስተር አትለጥፉ፣ ማጣበቂያው ወረቀቱን አልፎ ፊት ለፊት ይወጣል። ከላይኛው ጠርዝ ብቻ በሁለት ቁራጭ ስስ ወረቀትና በስንዴ ስታርች ይያዝ።

ደሴ ላይ የሚያሳስበው የክረምቱ ጉም ነው። የክፍሉ እርጥበት 65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይበቅላል። ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ አየር እንዲዘዋወርም ከፍሬሙ ጀርባ በታችኞቹ ማዕዘኖች ቡሽ ይለጠፍ። ሞቅ በሚለው ኮምቦልቻ ደግሞ ፀሐዩን ፍሩ። ሙዚየሞች ለእንዲህ ያለ ሥዕል ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ይገድባሉ፤ መስኮት ፊት ለፊት ያለ ግድግዳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ሲጓዝ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይጋደም፤ ከቆመ ዱቄቱ በንዝረቱ ይረግፋል። ስምና ቀን ሥዕሉ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ተጭኖ አይጻፍ፣ ከኋላ በሚገባው ካርቶን ላይ በእርሳስ ይበቃል። እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን የሚረከብ ሙዚየምም የት፣ መቼና በምን ዓይነት ፓስቴል እንደተሣሉ ሠዓሊውን በአካል እያገኘ አሁኑኑ ይመዝግብ፤ ከመስታወት በታች ከመግባታቸውም በፊት ፎቶ ያንሳቸው።

ከደሴ